ክሮም ላይ ደህና የሆነ ሜኑ አይፎን ላይ ለምን ይበላሻል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ኬክ ቤት ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ገጹ አማርኛም እንግሊዝኛም አለው። ላፕቶፔ ላይ በክሮም ሁሉም ደህና ነው። የክሮምን የስልክ ሞድ ከፍቼም አይቼዋለሁ፣ ምንም ችግር የለውም። አይፎን ላይ ግን ሦስት መስመሯን ስነካ ሜኑው ይከፈትና የመጨረሻዎቹ ሁለት ሊንኮች፣ ‹ያግኙን› እና ‹ቋንቋ›፣ ተቆርጠው ይቀራሉ። ‹ኬኮቻችን› የሚለውን ስነካ ደግሞ ንዑስ ሜኑው ጭራሽ አይከፈትም። ሳፋሪ ነው ጥፋተኛው ብዬ አይፎኑ ላይ ክሮም ጫንኩ፤ ያው ነው። ይባስ ብሎ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ሜኑ ሁለት መስመር ሆኖ ሎጎው ላይ ይወጣል። ሜኑው ሙሉ ስክሪን እንዲይዝ ሀይት 100ቪኤች ሰጥቼዋለሁ። ንዑሱ የሚከፈተው በሲኤስኤስ ብቻ ነው፤ ማውስ ላለው በሆቨር፣ ለስልክ በፎከስ-ዊዚን። ማክ የለኝም። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ብዙ ሰው «ሜኑዬ ሳፋሪ ላይ አይሠራም» ብሎ ያቆማል። አንቺ ግን እንዴት እንደሠራሽው ጭምር ስለጻፍሽ፣ የመልሱ ግማሽ ጥያቄሽ ውስጥ አለ።

ያንቺ ችግር አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። አንድ ሜኑ ላይ ስለታዩ ብቻ አንድ ይመስላሉ። አንደኛው የቁመት ነው፣ ሁለተኛው የንክኪ፣ ሦስተኛው የፎንት። ለአንዱ የምትጽፊው ማስተካከያ ሌላውን አይነካውም። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ ስትታገያቸው ትክክለኛውን መፍትሔ ሞክረሽ እንኳ «ምንም አልተለወጠም» ብለሽ ታጠፊዋለሽ። ለየብቻ እንያዛቸው።

ከዚያ በፊት ግን አይፎኑ ላይ ስለጫንሽው ክሮም። እሱ ክሮም አይደለም። ማለቴ ስሙና መልኩ ክሮም ነው፤ ገጹን የሚስለው ኤንጂን ግን ዌብኪት ነው፣ ያው የሳፋሪው። አፕል አይፎን ላይ የሚጫን ብሮውዘር ሁሉ ዌብኪትን እንዲጠቀም ሲያስገድድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከወጣው አይኦኤስ 17.4 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሌላ ኤንጂን ተፈቅዷል፤ አዲስ አበባ ላለ ስልክ ግን ይህ ምንም አልለወጠም። ስለዚህ አይፎን ላይ ክሮምን፣ ፋየርፎክስንና ኤጅን ብትደረድሪ አንዱን ሳፋሪ ደጋግመሽ ሞከርሽ ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ክሮም፣ ኤጅና ኦፔራ ሦስቱም ብሊንክ በሚባለው ኤንጂን ነው የሚሄዱት። «አምስት ብሮውዘር ላይ ሞክሬዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሁሌ የምጠይቀው «ስንት ኤንጂን ላይ?» ብዬ ነው። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ብሊንክ፣ ዌብኪት፣ እና የፋየርፎክሱ ጌኮ።

የክሮም የስልክ ሞድም ያው ብሊንክ ነው። ስክሪኑን ያጠብልሻል፣ ጣት እንደነካው ያስመስልልሻል። አይፎን አይሆንልሽም። የአድራሻ ባሩም የለበትም፤ የመጀመሪያው ችግርሽ የመጣው ደግሞ ከዚያ ባር ነው።

የተቆረጡት ሊንኮች

100ቪኤች ስንማር «የስክሪኑ ሙሉ ቁመት» ተብለን ነው። ኮምፒውተር ላይ እውነት ነው። ስልክ ላይ ግን የሚታየው ቦታ አንድ ቁመት የለውም። የአድራሻ ባሩ አንዴ አለ፣ ወደ ታች ስክሮል ስታደርጊ ደግሞ ይሸሸጋል። ቪኤች ከባሩ ጋር ከፍ ዝቅ ቢል ኖሮ ገጹ በሙሉ በየስክሮሉ ይዘል ነበር። ስለዚህ ሳፋሪ አንዱን ቁመት መርጦ ያዘ፤ ባሩ ሲሸሸግ የሚገኘውን ትልቁን። ባሩ ባለበት ሰዓት 100ቪኤች የሆነው ሜኑሽ ከሚታየው ቦታ ይረዝማል። ትርፉ ከእይታ ውጭ ይቀራል። «ያግኙን» እና «ቋንቋ» እዚያ ናቸው። ሜኑው ሲከፈት ገጹ ስክሮል እንዳይሆን ቦዲው ላይ ኦቨርፍሎው ሂድን (የተረፈውን ቆርጦ የሚደብቀውን) አድርገሽ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው በምንም መንገድ አይደርስባቸውም። አንድሮይድ ላይ ያለው ክሮምም ቪኤችን የሚያሰላው እንዲሁ ነው። ሳፋሪን ብቻ አትውቀሺው።

በግምት ከመሄድ አረጋግጪ። ሜኑው ሲከፈት ሁለት ቁጥር ገጹ ላይ የሚጽፍ ትንሽ ጃቫስክሪፕት ጨምሪ። አንዱ ቁጥር ዊንዶው-ኢነርሀይት ነው፣ አሁን የሚታየው ቁመት። ሌላው ሜኑው ላይ ጌት-ባውንዲንግ-ክላየንት-ሬክት ስትጠሪ የምታገኚው ቦተም ነው፣ የሜኑው የታች ጠርዝ። አይፎኑ ላይ ክፈቺና አንብቢያቸው። የመጀመሪያው 660፣ ሁለተኛው 740 ቢል፣ 80 ፒክሰል ያህሉ ከስክሪኑ ውጭ ነው፤ ጥፋቱ የቪኤች ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ግን ቪኤች ነጻ ነው። ያኔ ከወላጆቹ አንዱ ላይ ሜኑውን የሚቆርጥ ኦቨርፍሎው ሂድን ፈልጊ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ሀይቱን አጥፊው። ሜኑውን ፖዚሽን ፊክስድ አድርጊና ቶፕ፣ ራይት፣ ቦተም፣ ሌፍት አራቱንም 0 ስጪ። አራቱን ጠርዝ ካሰርሽለት ቁመቱን ብሮውዘሩ ራሱ ያሰላዋል፣ ባሩን ጨምሮ። ኢንሴት የሚል አጭር አጻጻፍ አለ፤ ሳፋሪ የተቀበለው ግን በ14.1 ስለሆነ ለአሮጌ ስልክ አራቱን ለየብቻ መጻፉ ይሻላል። ከዚያ ኦቨርፍሎው-ዋይ አውቶ ጨምሪበት። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ስልኩ ሲጋደም ሜኑው መርዘሙ አይቀርም፣ ያለሷ እንደገና ይቆረጣል።

ሀይት የግድ ካስፈለገሽ ዲቪኤች የሚባል መለኪያ አለ። ባሩ ሲመጣና ሲሄድ አብሮ ይለወጣል። ሳፋሪ በ15.4፣ ፋየርፎክስ በ101፣ ክሮም በ108 ጀምረውታል፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። መጀመሪያ ሀይት 100ቪኤች ጻፊ፣ ከሥሩ ሀይት 100ዲቪኤች። ሁለተኛውን የማያውቅ ብሮውዘር ዘሎት የመጀመሪያውን ይይዛል። ከገለበጥሽው ግን የሚያውቀውም የማያውቀውም ቪኤችን ይወስዳል፤ እንዲህ የተጻፈ ስንቱን አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆም በተን የሌላቸው አይፎኖች ግርጌ ላይ አግድም መስመር አለች። የመጨረሻው ሊንክ እሷ ላይ እንዳያርፍ በኢንቭ ሴፍ-ኤሪያ-ኢንሴት-ቦተም ፓዲንግ ይሰጣል። ቪውፖርት ሜታ ታጉ ውስጥ ቪውፖርት-ፊት ከቨር ካልጻፍሽ ግን ይህ ዋጋ 0 ነው የሚመልሰው። «ጻፍኩት፣ አልሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የተያዙት።

«ኬኮቻችን» ለምን አይከፈትም?

በተን ስትነኪ ክሮም ለበተኑ ፎከስ ይሰጠዋል፣ ማለትም አሁን የተመረጠው ነገር እሱ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሳፋሪ አይሰጠውም። ይህ ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ባግ አይደለም። አንቺ ንዑስ ሜኑውን ለስልክ የከፈትሽው በፎከስ-ዊዚን ነው፣ ውስጡ ፎከስ የያዘ ነገር ሲኖር ብቻ በሚሠራው ሕግ። አይፎኑ ላይ ፎከስ የለም፣ ስለዚህ ፎከስ-ዊዚንም የለም። ሆቨሩን ማውስ ላለው ብቻ ብለሽ በሚዲያ ኩዌሪ ከልለሽዋል፤ እሱ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን ለአይፎኑ አንድም መክፈቻ አልተረፈለትም። የክሮም የስልክ ሞድ ላይ የተከፈተልሽ ያ ብሊንክ ስለሆነ ነው።

«በተኑ ላይ ታብኢንዴክስ 0 ጨምሪበት፣ ይሠራል» የሚል ምክር ታገኛለሽ። እኔ አልመክርሽም። ቢከፈትልሽ እንኳ በዚያው በተን መዝጋት አትችዪም፤ ፎከስ የያዘ ነገር ደግመሽ ስለነካሽው ፎከሱን አይለቅም። ሰው ደግሞ የከፈተውን ነገር መልሶ ነክቶ መዝጋት ነው የለመደው። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰውም ሜኑው ይከፈት ይዘጋ የሚነግረው የለም።

በሲኤስኤስ ብቻ እሠራለሁ ማለቱን እዚህ ጋ ብትተዪው ይሻላል። አምስት ስድስት መስመር ጃቫስክሪፕት ነው። በተኑ ላይ ኤሪያ-ኤክስፓንድድ ፎልስ ጻፊ፤ ሜኑው ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል የሚለውን የሚይዝ ምልክት ነው። ክሊክ ሲደረግ ትሩ የነበረውን ፎልስ፣ ፎልስ የነበረውን ትሩ አድርጊው። ሲኤስኤሱ ውስጥ ደግሞ ኤሪያ-ኤክስፓንድዱ ትሩ የሆነ በተን ቀጥሎት ያለው ዩኤል ዲስፕሌይ ብሎክ ይሁን በዪ። ሳፋሪም ክሮምም ፋየርፎክስም አንድ ዓይነት ይሠራሉ፤ ፎከስ መኖር አለመኖሩ ከእንግዲህ አያገባሽም።

የድሮውን የፎከስ-ዊዚን ሕግ ግን ማጥፋት አለብሽ። «ይኑር፣ ምን ይጎዳል» እንዳትዪ። ክሮም ላይ ደንበኛው በተኑን ነክቶ ሲዘጋ ፎከሱ በተኑ ላይ ስለሚቀር ፎከስ-ዊዚን ክፍቱን ይይዘዋል። ያኔ «አይፎን ላይ ይዘጋል፣ አንድሮይድ ላይ አይዘጋም» የሚል አዲስ ባግ ይዘሽ ትመጫለሽ።

«ኬኮቻችን» ሊንክ ነው ወይስ በተን? ሊንክ ከሆነ በተን አድርጊው። ሆቨር ያለበት ሊንክ ላይ አይፎን የመጀመሪያውን ንክኪ እንደ ሆቨር፣ ሁለተኛውን እንደ ክሊክ ሊቆጥረው ይችላል፤ «ሁለቴ መንካት አለብኝ» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ወደ ኬኮቹ ገጽ መውሰድ ካለበት ንዑስ ሜኑው ውስጥ የመጀመሪያው ሊንክ «ሁሉም ኬኮች» ይሁን።

ሰው ከሜኑው ውጭ ሲነካ እንዲዘጋ ፈልገሽ ዶክዩመንቱ ላይ ክሊክ ካዳመጥሽም አይፎን ላይ ላይሠራ ይችላል። ባዶ ቦታ ወይም ተራ ዲቭ ሲነካ አይፎን ክሊኩን ሁልጊዜ አይልክም። ከክሊክ ይልቅ ፖይንተርዳውን (ጣት ወይም ማውስ ገና ሲጫን የሚላከውን) አዳምጪ፤ ከሳፋሪ 13 ጀምሮ አለ።

ሁለት መስመር የሆነው አማርኛ

ሦስተኛው የብሮውዘር ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም። በዚያው ዊንዶውስ ማሽን ላይ ገጹን በፋየርፎክስም በክሮምም ክፈቺው። ሁለቱም ላይ ሁለት መስመር ከሆነ ብሮውዘሮቹን ተያቸው።

እኔ የምጠረጥረው ፎንቱን ነው። ሲኤስኤስሽ ላይ ኤሪያል ወይም ሮቦቶ የሚል ይኖራል። እነሱ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ ብሮውዘሩ «ሀ» ሲያጋጥመው ከማሽኑ ውስጥ ያገኘውን የኢትዮጵያ ፎንት ይወስዳል። ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ፣ ማክ ላይ ከፋ። የፊደሎቹ ስፋት አይገናኝም። ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ለጥቂት የበቃው መስመር እዚያ ለጥቂት አልበቃም፤ አንዱ ቃል ወደ ታች ወረደ፣ ሄደሩ (የገጹ ራስጌ) ደግሞ ቁመቱ በፒክሰል ታስሮ ከሆነ ሎጎው ላይ ወጣ።

ለማየት ሜኑው ላይ ኢንስፔክት በዪ። ክሮም ላይ ኮምፒውትድ የሚለው ታብ ግርጌ ሬንደርድ ፎንትስ የሚል አለ፤ በትክክል የትኛው ፎንት እንደተሳለ ይነግርሻል። ፋየርፎክስ ለብቻው ፎንትስ የሚል ታብ አለው። ሁለቱን ማሽን አወዳድሪ።

መፍትሔው ፎንቱን ራስሽ መላክ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በዎፍ2 ፎርማት ሰርቨርሽ ላይ አስቀምጪ፣ በፎንት-ፌስ ጥሪው፣ ዩኒኮድ-ሬንጁን ከ1200 እስከ 137ኤፍ አድርጊው። እንዲህ ካደረግሽ የግዕዝ ፊደል የሌለበትን የእንግሊዝኛ ገጽ የሚከፍት ሰው ፎንቱን አያወርድም፤ ዳታ የሚቆጥር ደንበኛ ላለው ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሜኑው ደማቅ ከሆነ ደማቁንም ጫኚ። ያለዚያ ብሮውዘሩ ቀጭኑን አወፍሮ ይሰጥሻል፤ «ጠ» እና «ጨ» ይደፈናሉ።

የተዘጋጀ ቴምፕሌት ተጠቅመሽ ከሆነ ሌተር-ስፔሲንጉን፣ በፊደሎች መካከል ያለውን ክፍተት፣ እይ። የፈረንጅ ቴምፕሌቶች ሜኑውን በትልልቅ ፊደል አድርገው መበተን ይወዳሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደል እኛ ጋ ስለሌለ አማርኛው ላይ እሱ አይሠራም፤ መበተኑ ግን ይሠራል። ገጹ ላንግ ኤኤም መሆኑን አረጋግጪና ለአማርኛው ሌተር-ስፔሲንግ 0 ስጪ። ከዚያ የሄደሩን ሀይት ወደ ሚን-ሀይት ቀይሪ፣ እያንዳንዱ ሊንክ ላይ ኋይት-ስፔስ ኖራፕ አድርጊ። ወደ ሦስት መስመሯ የሚቀየርበትን ስፋት ደግሞ በእንግሊዝኛው ሳይሆን በረጅሙ ቋንቋ ለኪው። «ሰርቪስስ» እና «አገልግሎቶቻችን» እኩል ቦታ አይበቃቸውም።

ስታስተካክዪ የሚጠብቅሽ ወጥመድ

ሄደሩ ላይ ባክድሮፕ-ፊልተር ብለር አለሽ? አሁን ሁሉም ሰው የሚያደርገው ብርጭቆ የመሰለ ሄደር ማለቴ ነው። ካለሽና ሜኑው ሄደሩ ውስጥ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩሽን ፖዚሽን ፊክስድ ስታደርጊ ክሮም ላይ ሜኑው የሄደሩን ያህል ብቻ ሆኖ ይጨማደዳል። ባክድሮፕ-ፊልተር፣ ፊልተርና ትራንስፎርም ያለበት ወላጅ ውስጥ ያለ ፊክስድ ነገር የሚለካው ከስክሪኑ ሳይሆን ከወላጁ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው።

ግራ የሚያጋባው አሮጌ አይፎን ላይ ደህና ሆኖ መታየቱ ነው። ሳፋሪ እስከ 18ኛው ቨርዥን ድረስ ባክድሮፕ-ፊልተርን የሚያውቀው ዌብኪት የሚል ቅጥያ ከፊቱ ሲኖር ብቻ ነበር። ያለ ቅጥያ ከጻፍሽው ዘሎት ያልፋል፤ ብለርም የለም፣ ወጥመዱም የለም። ያኔ ክሮም የተሳሳተ፣ ሳፋሪ ትክክል ይመስላል። ብለሩን ወደ ሄደሩ ቢፎር ሱዶ-ኤለመንት አዙሪው፣ ወይም ሜኑውን ከሄደሩ አውጪው። እኔ ብሆን የማወጣው ነበር።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ። አሮጌ አይፎን ላይ፣ ለምሳሌ አይኦኤስ 12 ላይ የቀረው አይፎን 6፣ ሊንኮቹ ተጣብቀው ከታዩ ፍሌክስ ውስጥ የተጠቀምሽው ጋፕ ነው። ሳፋሪ እሱን የጀመረው በ14.1 ነው። በሰፖርትስ፣ ብሮውዘሩ አንድን ነገር ያውቅ እንደሆነ በሚጠይቀው የሲኤስኤስ ሕግ፣ ልፈትነው ብትዪ አይሆንም፤ ግሪድ ውስጥ ያለውን ጋፕ ስለሚያውቅ «አዎ» ይልሻል። ማርጂን ተጠቀሚ። ሌላው፣ በኮማ በተያያዙ ሴሌክተሮች መካከል ሃዝ የሚለውን (ኤለመንትን ውስጡ ባለው ነገር የሚመርጠውን) አትደባልቂ። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከወጣው 121 በፊት አያውቀውም፤ አንዱን ሴሌክተር ያላወቀ ብሮውዘር ደግሞ ሕጉን በሙሉ ነው የሚጥለው። ብሮውዘሩን በስሙ ለይቼ ኮድ እጽፋለሁ የሚለውንም ሐሳብ ተዪው። ክሮም ራሱን ሲያስተዋውቅ ሳፋሪ የሚል ቃል አለበት።

ኦፔራ ሚኒንም አትርሺ፤ እኛ ጋ ተጠቃሚ አለው። ከፍተኛው የዳታ ቁጠባ ሲበራ ገጹ የሚዘጋጀው ኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው፣ ስልኩ ላይ የሚደርሰው የተጨመቀው ነው። ጃቫስክሪፕቱ እንደልብ አይሠራም። ግርጌ ላይ ዋና ዋናዎቹን ሊንኮች በተራ ጽሑፍ አስቀምጪለት፤ ሜኑው ባይከፈትም ሰውየው ስልክ ቁጥሩን ያገኛል።

ማክ ስለሌለሽ፦ ሊኑክስ ካለሽ ኖም ዌብ የሚባለው ብሮውዘር በዌብኪት ነው የሚሠራው። ዊንዶውስ ላይ ፕሌይራይት የሚባለው የብሮውዘር መፈተሻ የራሱን ዌብኪት ያወርድልሻል። የአቀማመጥ ችግርና የተጣሉ ሕጎችን ያሳዩሻል። የአድራሻ ባሩንና የበተኑን ፎከስ ግን በእነሱ አትፈትኚ፤ እነዚያ የአፕል ጸባይ ስለሆኑ እውነተኛ አይፎን ይፈልጋሉ።

አስተካክለሽ ለውጥ ካላየሽ መጀመሪያ ካሹን፣ ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የድሮ ቅጂ፣ ጠርጥሪ። በፕራይቬት ታብ ክፈቺ፣ ወይም ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የሲኤስኤስ ፋይሉ ስም በተጠራበት መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክትና ቪ=2 ጨምሪ። ቁመቱን አስቀድሚ፣ ከዚያ በተኑን፣ ፎንቱን መጨረሻ አድርጊው። ካልሆነ የአይኦኤሱን ቨርዥን፣ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች፣ እና ኤችቲኤምኤሉን ከሄደሩ መክፈቻ እስከ ንዑስ ሜኑው መዝጊያ ድረስ ላኪልኝ። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃኝም።